የለቀቅናት ዓሣ ዋጋ

ዛሬ የምናጫውታችሁ ስለ ዓሣ ነው። "አራት ዓመት ጋዜጠኝነት ተምራችሁ ስለ ዓሣ?" እንዳትሉን ብቻ። ሥራ ያጣ ምሩቅ እንኳን ስለ ዓሣ ስለ ድንጋይም ይጽፋል።

በቅድሚያ "እኛ" ማን እንደሆንን እንናገር። ሁለት እህትማማቾች ነን፣ የመራዊ ልጆች። መራዊ ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ሠላሳ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ከተማ ናት። አብዛኛው መንገደኛ የሚያውቃት በአውቶቡስ መስኮት ነው፤ ሽንኩርትና ድንች ገዝቶ ያልፋታል። ከሁለታችን አንዳችን ጋዜጠኝነት ተመርቃለች (ይህን የምትጽፈው እሷ ናት)፣ አንዳችን ደግሞ ነገሩ በሆነበት ጊዜ ገና ተማሪ ነበረች። ስለ ዓሣ ያለን ዕውቀት ከጉላሽና ከለብለብ አያልፍም ነበር።

መራዊና ዓሣ ምን አገናኛቸው ትሉ ይሆናል። ከተማችን አጠገብ የቆጋ ግድብ አለ። ሰባት ሺህ ሄክታር እንዲያጠጣ የተሠራ ነው፤ ያ ሁሉ ድንችና ሽንኩርት የሚመጣው ከዚያ ነው። ቆጋ ወርዶ ከግልገል አባይ ይቀላቀላል፣ ግልገል አባይ ደግሞ ጣና ይገባል። አባታችን "ግድቡ ሳይሠራ በፊት ክረምት ሲወጣ ከቆጋ ክንድ የሚያህል ዓሣ በእጃችን እናወጣ ነበር" ይላል። አባቶች ስለ ልጅነታቸው ዓሣ ሲያወሩ ግማሹን መቀነስ ደግ ነውና ቀንሰን ነበር የምንሰማው። በኋላ ነው አባታችን ያን ያህል እንዳልዋሸ የገባን።

ወደ ጉዳያችን እንግባ። የእናታችን ታናሽ ወንድም በ2000 ዓ.ም. ዲቪ ደርሶት አሜሪካ ገባ። የሚኖረው ሂዩስተን ነው፣ ቴክሳስ። ጋሼ እያልን ብንጠራውም በትከሻው ተሸክሞ ያሳደገን ስለሆነ "አንተ" ነው የምንለው። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት የሚልክልን ፎቶ እንደማንኛውም የዲያስፖራ ፎቶ ነበር፤ መኪና ተደግፎ፣ በረዶ የሌለበት አገር እየኖረ ወፍራም ጃኬት ለብሶ። ከዚያ አንድ ቀን ዓሣ ታቅፎ መጣ። በሚቀጥለውም ዓሣ፣ በሚቀጥለውም ዓሣ። ቀላ ያለ፣ ጅራቱ ሥር ዓይን የመሰለ ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት። ሬድፊሽ ይባላል አለን።

አያታችን ፎቶውን በስልክ ስናሳያቸው ዓይናቸውን አጥብበው አዩና ደወልንላቸው።

"ልጄ፣ ይኼን ሁሉ ዓሣ ለብቻህ በላኸው?"

"ኧረ ለቀቅኩት እማዬ።"

"ምነው? አሞህ ነበር?"

ጋሼ ያስረዳቸው ጀመር። አያታችን ግን የሰሙት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጃቸው ገንዘብ ከፍሎ ዓሣ ይይዝና መልሶ ውኃ ውስጥ ይጥላል። ለሦስት ቀን ጸበል ተረጨለት፣ ማለትም ለፎቶው።

ለእኛ ሲያብራራልን ነገሩ እንዲህ ነው። ሂዩስተን አጠገብ ጋልቨስተን የሚባል የባሕር ወሽመጥ አለ። እዚያ "ካፒቴን" የሚባሉ ሰዎች አሉ፤ ሥራቸው እንደኛ አስጎብኚ ነው፣ የሚያስጎበኙት ግን ገዳም ሳይሆን ዓሣ ነው። ገና ሳይነጋ ሁለት ሦስት ሰው ይጭናሉ። ጀልባቸው ሆዷ ዝርግ ስለሆነ ጉልበት በሚደርስ ውኃ ላይ ትሄዳለች። ዘንጉን፣ ክሩን፣ ሽሪምፑን የሚያቀርበው ካፒቴኑ ነው። ዓሣው በየትኛው ነፋስ፣ በየትኛው ሣር ሥር፣ በስንት ሰዓት እንደሚውል የሚያውቀውም እሱ ነው። የሚከፈለው ለዚያ ነው። ዓሣ ባይያዝም ይከፈለዋል! (ይኼንን ስንሰማ ሙያ የመቀየር ሐሳብ ሁለታችንንም ሽው ብሎብናል።)

የሚፈለጉት ዓሦች በብዛት ሁለት ናቸው፤ አንዱ ሬድፊሽ፣ ሌላው ባለ ነጠብጣቡ ትራውት። ጋሼ እንደሚለው ይኼኛው ስሙ ነው እንጂ ትራውት አይደለም፣ የሬድፊሽ ዘመድ ነው። እውነተኛው ትራውትማ እኛው አገር አለ፤ ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች ወንዞች ውስጥ የተለቀቀው ዘሩ እስከ ዛሬ አለ።

ዋናው ነገር ግን ሜትሩ ነው። ቴክሳስ ውስጥ ሬድፊሽ የያዘ ሰው መጀመሪያ ይለካል። ከ20 ኢንች ካነሰች ትለቀቃለች፣ ልጅ ናት። ከ28 ኢንች ከበለጠችም ልዩ ምልክት ካልተሰጣት በቀር ትለቀቃለች፣ እናት ናት። በመሐል ያለችው ናት የምትበላው፣ እሷም በቀን ከሦስት አትበልጥም። ትልቁን ዓሣ መልቀቅ! እኛ አገር "ትንሹን ተወው ይደግ" ማለት ያስኬዳል። "ትልቁን ተወው" የሚል ግን በሠርግ ቤት ከሥጋው ወፍራሙን ለይቶ እንደሚመልስ እንግዳ ነው፤ ጤናው ያጠራጥራል።

ጋሼ በመስከረም 2015 ዓ.ም. ለመስቀል መጣ። ጊዜው ጥሩ አልነበረም፤ በሰሜን በኩል ጦርነቱ እንደገና አገርሽቶ ነበር። ቢሆንም ባሕር ዳር ሰላም ነበረችና መጣ። የያዘው ሻንጣ ግን ጉድ ነው። ሌላው ዲያስፖራ ሽቶና ጫማ ሲያመጣ እሱ ሁለት የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ከነማጠንጠኛው፣ አንድ ሳጥን ሙሉ የፕላስቲክ ዓሣና አንድ የልብስ ሰፊ ሜትር ይዞ ከች። አክስታችን የፕላስቲኩን ዓሣ የልጅ መጫወቻ መስሏት ልታድል ስትል መንጠቆው ጣቷን ያዛት።

"ጣና ላይ ካፒቴን ፈልጉልኝ" አለን።

ካፒቴን ከየት ይመጣል? ባሕር ዳር ወደብ ላይ ጀልባ ሞልቷል፣ ሁሉም ግን የሚሄደው ዘጌ ነው። ባለጀልባው "የት ልውሰዳችሁ?" ሲለን "ዓሣ ጋ" አልነው። "ዓሣማ ገበያ አለ" አለን። በመጨረሻ ጀልባውን ከአንዱ፣ ዕውቀቱን ከሌላው ገዛን። ዕውቀቱን የሸጡልን ስልሳ ዓመት ገደማ የሆናቸው ዓሣ አጥማጅ ናቸው፤ ከነገዶች ወገን፣ በደንገል ታንኳ ሐይቁ ላይ ያረጁ። ሻይ እየጠጣን ዘንጉን አገላብጠው አዩና "ለዚህ ለቀጭኑ ክር መረብ ጥዬ ልምጣ?" አሉ። ጋሼ ሳቀ፣ እሳቸው አልሳቁም።

እዚህ ላይ ትንሽ ስለ ጣና እናውራ፣ ጋዜጠኛዋ ከጉዞው በፊት ያነበበችውን ሁሉ ካልተናገረች እንቅልፍ አይወስዳትም። ጣና ከሦስት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ተዘርግቶ ጥልቀቱ ግን ቢበዛ 14 ሜትር ነው። ባሕር የሚያህል ትሪ በሉት። ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ደግሞ ከታች ያለው ዓሣ ወደ ላይ እንዳይወጣ አጥር ሆኖ ኖሯል። ገበያ ላይ ያሉትን ሁላችንም እናውቃቸዋለን፤ ቀረሶ፣ አምባዛ፣ ቤዞ፣ ነጭ ዓሣ። "ነጭ ዓሣ" ብለን በአንድ ስም የምንጠራው ግን አንድ ዓሣ አይደለም። ሊዮ ናገልከርከና ፈርዲናንድ ሲቢንግ የሚባሉ የሆላንድ ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለያይተው ሲያጠኑት አሥራ አምስት ያህል ዝርያ ሆኖ ተገኘ፣ አብዛኞቹ ከጣና በቀር በዓለም ላይ የሌሉ። ስምንቱ ሌላ ዓሣ እየያዙ የሚበሉ ናቸው። በመንጋጋው ጥርስ ለሌለው ለዚህ ቤተሰብ ይህ እንግዳ ነገር ነው ይላሉ አጥኚዎቹ።

ከነዚህ ውስጥ ገሚሶቹ ክረምት ሲገባና ሲወጣ ሐይቁን ትተው ወንዝ ይወጣሉ፤ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ፣ ግልገል አባይ። ጠጠር ባለው ንጹሕ ውኃ ላይ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። የአባታችን የክንድ ዓሣ ከዚህ ነው የመጣው! ታዲያ ወደ ወንዝ የሚወጣ ዓሣ በወንዙ አፍ መሰብሰቡ የግድ ነው። እዚያ መረብ የጣለ ሰው ሰርገኛ በር ላይ እንደቆመ ለማኝ ነው፤ ማንም ሳይሰጠው አያልፍም። እ.ኤ.አ. በ1986 ኡርክ ከምትባል የሆላንድ የዓሣ አጥማጆች ከተማ የመጣ የአብያተ ክርስቲያናት እርዳታ ድርጅት የተሳተፈበት ፕሮጀክት የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ለጣና አስተዋወቀ። ሐሳቡ ደግ ነበር፤ ድሃ አጥማጅ ይብላ፣ ከተማውም ዓሣ ያግኝ። ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት ግን ወንዝ የሚወጡት ዓሦች 75 በመቶ ያህል ቀነሱ። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315 የወጣው በ1995 ዓ.ም. ነው፣ ክልሉም የራሱን አወጣ። አዋጅ ወጣ ማለትና መረብ ከውኃ ወጣ ማለት ግን ለየቅል ናቸው።

መስቀል በዋለ በአራተኛው ቀን ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ወደቡ ላይ ተገኘን። ብርድ! መጀመሪያ ዓባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት፣ ደብረ ማርያም አጠገብ ሄድን። ጋሼ የፕላስቲክ ዓሣውን እየወረወረ ይስባል፣ ይወረውራል፣ ይስባል። አንድ ጉማሬ ብቅ ብሎ ታዘበንና ሰመጠ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ምንም። ዓሣ አጥማጁ ከጀልባዋ ጫፍ ተቀምጠው ቆሎ ይቆረጥማሉ።

"ልጄ፣ ዓሣ ትፈልጋለህ ወይስ ክንድህን ማፍታታት?" አሉ በመጨረሻ።

"ዓሣ እንጂ።"

"እንግዲያውስ ዓሣው አሁን እዚህ የለም። ግልገል አባይ አፍ ነው።"

ጋሼ ገባው። ፊቱ ሲቀየር አይተናል። የሚወልዱበት ጊዜ እንደሆነ ያውቃል፤ እሱ በሚኖርበት አገር በእንዲህ ያለ ቦታ መቆም ነውር ነው። ግን ደግሞ አሥራ ሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል በርሮ የመጣ ሰው ነው። "እንሂድ፣ የምንይዘውን እንለቃለን" አለ። ይኼንን አረፍተ ነገር ሲናገር ለእኛ ነበር ወይስ ለራሱ? እስከ ዛሬ እንከራከርበታለን።

ዘጌን አልፈን ብዙ ሄድን። ውኃው እየደፈረሰ፣ እየቀላ፣ መጨረሻ ላይ ሻይ በወተት መሰለ። የጎጃም አፈር ነው፤ ከነመራዊ ተጠርጎ የመጣ። ዓሣ አጥማጁ በእጃቸው አሳዩ፤ "ከዚያ ከሣሩ ጫፍ፣ ቀይና ጥቁሩ ውኃ ከተለያየበት።" ጋሼ ወረወረ። በሦስተኛው ዘንጉ እንደ ሰጋጅ ጎበጠ።

እንግዲህ የሆነውን በትክክል መንገር አንችልም፣ ሁለታችንም እየጮህን ነበር። ክሩ እየፏጨ ወጣ፣ ባለጀልባው ሞተሩን አጠፋ፣ ጋሼ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ይማፀናል። ከሩብ ሰዓት በኋላ ይመስለናል፣ ዓሣዋ ጎኗን ሰጠች። ብርማ፣ አፏ ሰፊ፣ ወገቧ እንደ ሕፃን ልጅ የወፈረ። በሜትሩ ሰባ አራት ሴንቲ ሆነች። ጋሼ ሜትሩ ላይ ሃምሳ አንድና ሰባ አንድ ቁጥሮች አጠገብ በቀይ እስክሪብቶ መስመር አስምሮበታል፤ ሃያና ሃያ ስምንት ኢንች መሆናቸው ነው። የቴክሳስ ሕግ ለጣና ዓሣ እንደማይሠራ ያውቃል። "ጥናት ያስፈልገዋል፣ እስከዚያው ግን ከምንም ይሻላል" ይላል። ሲያነሳት ከሆዷ እንቁላል ጠብ ጠብ አለ። እንደ ማሽላ ፍሬ፣ ወርቃማ።

ጋሼ ከጀልባዋ ጎንበስ ብሎ ዓሣዋን ውኃ ውስጥ ያዘ። ወደፊት፣ ወደኋላ። እያስተነፈሳት ነው። ከዚያ እጁን ከፈተ። ጅራቷን አንዴ መታችና ቡናማው ውኃ ዋጣት።

ማንም አልተናገረም። ዓሣ አጥማጁ የተለቀቀችበትን ቦታ ያያሉ። ቆይተው፣ "ለምን ያዝካት ታዲያ?" አሉ። ቁጣ የለበትም፣ እውነት ጠይቀው ነው።

ጋሼ የቴክሳሱን ታሪክ ተረከላቸው። እዚያም ዓሣው በመረብ ሊያልቅ ደርሶ ነበር። በ1981 (እ.ኤ.አ.) የቴክሳስ ሕግ አውጪዎች ሬድፊሽና ባለ ነጠብጣቡን ትራውት ከባሕር አውጥቶ መሸጥ ከለከሉ። በኒው ኦርሊንስ ደግሞ ፖል ፕሩዶም የሚባል ዝነኛ ሼፍ ሬድፊሽን በቅቤና በቅመም አጥቁሮ ሲያቀርብ አሜሪካ በሙሉ አበደለት። በአሥር ዓመቱ ማብቂያ ላይ የፌዴራሉ መንግሥትም በበኩሉ ባሕር ላይ ሬድፊሽ ማጥመድን ዘጋ። ዓሣው ተመለሰ። ዛሬ አንድ ሬድፊሽ በሕይወት እያለ ለካፒቴኑ፣ ለነዳጅ ማደያው፣ ለሆቴሉ፣ ለዘንግ ሻጩ እንጀራ ነው።

ዓሣ አጥማጁ በጥሞና ሰሙ። ከዚያ "በፊት ይሸጡ የነበሩትስ ምን ሆኑ?" አሉ።

"እነማን?"

"መረብ የነበራቸው።"

ጋሼ ዝም አለ። "እኔ ስደርስ አልነበሩም" አለ ቆይቶ።

ጋዜጠኛዋ ብዙ ጥያቄ በትምህርት ቤት ተምራለች፤ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን። በዚያች ጀልባ ላይ ከሁላችንም የተሻለውን ጥያቄ የጠየቁት ግን እሳቸው ናቸው። ዘመዶቻቸው የሐይቁ ዳር ለሆቴልና ለመዝናኛ ሲፈለግ ስንት ጊዜ ከዳር ወደ ዳር ተገፍተዋል። "ለዓሣው ስንል ተነሱ" ቢባሉ እንግዳ አይሆንባቸውም።

ጋሼ ኪሱ ገባ። "ዓሣዋን ገበያ ቢወስዷት ስንት ያወጣሉ?" አላቸው። ነገሩት። እጥፉን ቆጥሮ ሰጣቸው።

ተቀብለው ይዘውት ቆዩ። ብሩን ሳይሆን ውኃውን እያዩ፣ "ነገም ይችኑ ብይዛትና ብለቃት ትከፍለኛለህ?"

"እኔ ባልኖር ሌላ ሰው ይከፍላል።"

"ከነገ ወዲያስ?"

"ከነገ ወዲያም።"

"እንግዲያው" አሉ ብሩን እያጠፉ፣ "ይቺን ዓሣ አንድ ጊዜ ሸጦ መገላገል ሞኝነት ነው።"

ያን ቀን ሌላ አልተያዘም። አያታችን መራዊ ላይ ዓሣ እየጠበቁ ስለነበር ጋሼ ከባሕር ዳር ገበያ ሁለት ቀረሶ ገዝቶ ሄደ። አዎ፣ ከነዚያ ሁሉ ዘንጎች ጋር! አያታችን ዓሣው በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ከጎረቤት ጋር ሲከራከሩ አምሽተው፣ ጽጌ ገና ስላልገባ በልተውታል።

ጋሼ ከመሄዱ በፊት ነገሩ ሐሳብ ሆነ። ሁለት ሦስት ታንኳ፣ አንድ ጀልባ፣ የሐይቁን ጠባይ የሚያውቁ አምስት ስድስት አጥማጆች። እንግዳው ይከፍላል፣ ዓሣው ይለካል፣ ትልቁና እንቁላል የያዘው ይለቀቃል፣ አጥማጁ በለቀቀው ልክ ይከፈለዋል። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ወንዝ አፍ ድርሽ የለም። እኛ ሥራ ፈት ነንና ፕሮፖዛሉን ጻፍነው። አሥራ ስድስት ገጽ! ለአንድ መሥሪያ ቤት አስገባን። የተቀበሉን ሰውዬ ርዕሱን ጮክ ብለው አነበቡት፤ "የስፖርት ዓሣ ማጥመድ።" መነጽራቸውን አወለቁ።

"ፌዴሬሽን አለው?"

"የለውም።"

"ስፖርት ከሆነ ፌዴሬሽን ይኖረዋል። ቱሪዝም ከሆነ ቱሪዝም ሂዱ። ዓሣ ከሆነ ግብርና ነው።"

ሦስቱንም ሄድን። ሁለተኛው ጋ "ዓሣ መልቀቅ የምግብ ዋስትናን አይፃረርም ወይ?" ተብለናል፣ እውነት ለመናገር መጥፎ ጥያቄ አልነበረም። ወራት አለፉ። ፊርማ ግን አንድ ሁለት እያለ መሰብሰብ ጀምሮ ነበር። ጋሼ ለ2016 መስቀል አራት የሥራ ባልደረቦቹን ይዞ ሊመጣ ትኬት ማየት ጀመረ። ዓሣ አጥማጁ አንዷን ዘንግ ወስደው መወርወር ይለማመዱ ነበር፤ ከሰው ፊት ያፍራሉ ተብሎ በማለዳ።

ከዚያ ሐምሌ 2015 መጣ። በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ኢንተርኔት ጠፋ፣ ውጊያው ባሕር ዳር ከተማ ድረስ ገባ። የጋሼ ባልደረቦች ዜናውን አይተው ትኬቱን ተዉት፣ ማን ይፈርድባቸዋል። ጥር 20 ቀን 2016 ደግሞ ስለ መራዊ ሰምቶ የማያውቅ ሁሉ ስሟን ሰማ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በዚያን ዕለት ቢያንስ 45 ሰላማዊ ሰዎች መገደላቸውን አረጋግጫለሁ ብሏል። ስለዚያ ቀን የምንለው ብዙ ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ግን አንለውም። ጋሼ ያኔ ለአምስት ቀን ስልካችንን አጥቶ ሂዩስተን ላይ እንዳልተኛ ብቻ እንጻፍ። አያታችን ደህና ናቸው። ፎቶው አሁንም ግድግዳው ላይ ነው፣ ከነዓሣው።

በነዚህ ዓመታት መንገዱ አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል። ፕሮፖዛሉ ቁም ሳጥን ላይ ከሁለተኛዋ ዘንግ ጋር ተጋድሟል። የዚያ ቀኑ ባለጀልባ ወንበሮቹን አውጥቶ ጭነት መጫን ጀምሯል። እንቦጩ ደግሞ ጦርነትም አዋጅም አያውቅም፤ በ2004 ዓ.ም. አካባቢ በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ከታየ ጀምሮ ሊነቅሉት የወጣው ሕዝብ ብዛት ለጉድ ነበር፣ እሱ ግን ይመለሳል።

ባለፈው መስከረም ለዓሣ አጥማጁ ደወልን። እንቁጣጣሽ ብለን፣ ጤናቸውን ጠይቀን፣ የልጆቻቸውን ጠይቀን ስናበቃ ወደ ጉዳዩ መጣን።

"ዘንጓስ አለች ጋሼ?"

"አለች። ማጠንጠኛዋ ዝጋብኝ በዘይት አሸኋት። ሜትሯንም ከሷው ጋር አስሬ ነው የማስቀምጣት።"

"ዓሣስ ይዘውባታል?"

"ያዝኩ እንጂ! ባለፈው ሳምንት አንዷን ግልገል አባይ አፍ ላይ። ለካኋት፣ ሰባ ሁለት።"

ከቀዩ መስመር በላይ ናት። ሁለታችንም ስልኩን በድምፅ ማጉያ አድርገን ጎንበስ ብለንበታል፣ ትንፋሽ የለም።

"ታዲያ?" አልናቸው።

"ታዲያማ ሸጥኳት" አሉ። ትንሽ ዝም ብለው፣ "አጎታችሁ መቼ ነው የሚመጣው?"